ድጋፍ ያልቆመለት ቦይ

መስከረም 14

ለተከበሩት አባቴ፣

ይህ ወረቀት በጤናና በደስታ ያግኝዎት። ጉልበትዎ ለብርዱ እንዴት ነው? እኛ ናፍቆቱን ካልቆጠርነው ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

«አባቴ» ብዬ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ከጎኔ ተቀምጦ «እንደዚያ ብለሽ ጻፊ፤ ቢቆጣም ወረቀቱን አይቀደውም» ስላለኝ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የአውቶቡስ ሞተር አጠገብ ተቀምጠው ጆሮዎ እንደደከመና በስልክ እንደማይሰሙ ነግሮኛል። እሱ ደግሞ ብዕር ሲይዝ እጁ እንደሚታሰር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ እሱ ከታች አንድ መስመር ይጨምራል።

ሥራ ቀይሯል። ከመጋዘን ጫኝነት ወጥቶ የፍሳሽ ቧንቧ የሚቀብር ድርጅት ውስጥ ገባ። ማሽኑ በመንገዱ ዳር ቦይ እየቆፈረ ወደፊት ይሄዳል፤ ሰዎቹ ወርደው ወለሉን ያስተካክላሉ፣ ቧንቧውን ይገጥማሉ፣ ከኋላቸው ይደፈናል። እኔንም እዚያው አስቀጠረኝ። አስፋልቱ ስለጠበበ መኪና የሚያልፈው በየተራ ነው፤ አንድ ፊቱ ቀይ፣ አንድ ፊቱ አረንጓዴ የሆነ ምልክት ይዤ እያቆምኩ አሳልፋለሁ። ሾፌሮቹ የማይሉኝ የለም። ልጅዎ ግን «አባዬም እንዲሁ ይሳደብ ነበር፤ ከአሁኑ ልመጂው» ይለኛል።

እዚህም ሸንበቆ ነው የሚሉት። ያን ቁመት አይቶ ማን ሌላ ስም ያወጣለታል? የሥራ ጓደኛው ደግሞ አጭርና ክብ ነው፤ ድንቡሼ ይባላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ መንገደኛው ዞሮ ያያቸዋል።

ስለ ቤትዎ ጣሪያ ያዘዙትን አልረሳንም።

ምራትዎ

አባዬ፣ ቦዩ ውስጥ ፀሐይም ንፋስም የለም፤ የጎደለኝ ወንበር ብቻ ነው። ጣሪያው እስኪደርስልህ ዣንጥላ ይዘህ ተኛ። ልጅህ።


ጥቅምት 9

ለልጄ ለሸንበቆ፣ እንዲሁም ለባለቤቱ፣

ሰላምታዬ ከደጄ ወጥቶ ሳይደክም ደጃችሁ ይድረስ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ሁሉ ነገሬ ይታዘዘኛል።

የጸሐፊዋ ጽሕፈት ንጹሕ ነው፤ ይህን አልክድም። ስለ ጋብቻችሁ ግን ያልኩትን ብያለሁ። ፈትታ የመጣች፣ በዕድሜ የምትበልጥህ ሴት ለምን አልኩ፤ አልሰማህም፤ አገባህ። ሁለተኛ አላነሳውም። ትቼዋለሁም አላልኩም።

ወንበር ጎደለኝ ላልከው፣ ወንበር ቢኖር እዚያው ታንቀላፋ ነበር፤ አውቅሃለሁ። አሁን ቀልዱን ተወውና ስማኝ። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ሞልቼ ስሄድ መንገዱ ዳር ቦይ ተቆፍሮ ነበር። የኋላ ጎማዬ ዳሩን ቢረግጠው ምድሩ እንደ ደረቀ ዳቦ ተገመሰ። ተሳፋሪው በሙሉ ባንድ ወገን ተዘረገፈ። ሰው አልተጎዳም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተቆፈረ መሬት አላምንም። መሬት ጠንካራ የሚመስለው ሆዱን እስኪከፍቱት ነው። ቦያችሁ ምን ያህል ይጠልቃል? ስትቆም ራስህ ከላይ ይታያል? ይህን ጻፍልኝ።

ሌላው፣ መነጽሬ ተሰብሯል፤ ይህንንም የጻፍኩት በዳበሳ ነው። ደብዳቤያችሁን ጆሮዬ ሥር እየጮኸ የሚያነብልኝ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያነብ ከራሱ ይጨምራል፤ ናፍቆት የሚል ቃል ሲደርስ አንብቦ ሳይጨርስ ያለቅሳል። ጣሪያው ይቆየኝና መነጽር ላኩልኝ።

አባትህ


ኅዳር 2

ለተከበሩት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ ዕድሜና ብርታት ይጨምርልዎ። መነጽሩን ለመንገደኛ ሰጥተናል፤ ከደብዳቤው ቀድሞ ይደርስ ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ ከእንግዲህ ለራሱ ብቻ ያልቅስ።

ራሱ ከላይ ይታያል ወይ ላሉት፣ ሲጀምሩ ይታይ ነበር። አሁን ግን መንገዱ ቁልቁል ስለሚሄድ ቦዩ ጠልቋል፤ እጁን ቢያነሳ እንኳ ከምቆምበት አላየውም። ድምፁን ግን እሰማለሁ። ያፏጫል።

እዚህ እንደ እናንተ ዘንድ አይደለም፤ በኅዳር ዝናብ ጀምሯል። ጧት ጧት ውሃ በፓምፕ ሳይወጣ ሥራ አይጀመርም። የቦዩን ግራና ቀኝ ግድግዳ ደግፎ የሚይዝ ብረት ነበረን፤ ባለፈው ሳምንት ጭነው ወደ ሌላ ሥራ ወሰዱት። ሠራተኞቹ አለቃቸውን፣ ካቦውን፣ ጠየቁት። የቀረው አጭር ቁራጭ ነው፣ ለእሱ ብዬ ብረት አላመላልስም አላቸው። የወጣውን አፈር ራቅ አድርገው እንዲከምሩት ቢጠይቁም፣ መንገዱ ይዘጋል ብሎ እዚያው አፋፉ ላይ አስቆለለው።

ትናንት ለምሳ ሲወጡ በአስፋልቱና በቦዩ መካከል ረጅም ስንጥቅ አየሁ። ጣቴን ብከት ይገባል። ለካቦው ሄጄ ነገርኩት። «የአንቺ ሥራ መኪና ማቆም ነው» አለኝ። ልጅዎ ሰምቶ ሊናገረው ተነስቶ ነበር፤ እኔው ያዝኩት። በኋላ ቀስ ብሎ እንደሚያናግረው ቃል ገብቶልኛል።

ይህን የምጽፍልዎ ለማስፈራራት አይደለም። ስለጠየቁኝ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስለ መሬት የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሌላው ይስቅብኛል።

ምራትዎ

አባዬ፣ አትስማት። ይህች ሴት ስንጥቅ ስትፈልግ ነው የምትውለው፤ የቤታችንን ግድግዳ ሳይቀር ታየዋለች። ይህ መንገድ ሲያልቅ የዳምጠው መኪና ሊሰጡኝ ነው፤ እንዳንተ መሪ ልይዝ።


ኅዳር 22

ለልጄ፣ ለባለቤቱም፣

ሰላምና ጤና ከእናንተ አይራቅ። መነጽሩ ደርሷል፤ ይህን የማነበውም የምጽፈውም በእሱ ነው። ዓለም እንዲህ ጥርት ያለች መሆኗን ረስቼ ነበር፤ የፀጉር አስተካካዩን ሽበት እንኳ አሁን ገና አየሁት።

ሸንበቆ፣ አሁን የምልህ ምክር አይደለም፤ ትዕዛዝ ነው። ብረቱ እስኪመለስ ወደዚያ ቦይ እንዳትወርድ። ይቆጣሉ ትል ይሆናል፤ ይቆጡ። ያባርሩኛል ትል ይሆናል፤ ይባረር የተባለ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጣሪያም አልፈልግም። ዝናብ የገደለኝ ቀን ትጸጸታለህ እንጂ እስካሁን አልገደለኝም።

አንቺም፣ ስንጥቁን ያየ ዓይንሽ ይባረክ። እሱ ሲስቅ ዝም አትበዪ። አባትህ ብሏል ብለሽ እጁን ይዘሽ አስቀሪው። በእኔ ስም ብትቆጪው እፈቅዳለሁ።

አባታችሁ


ታኅሣሥ 6

ለተከበሩት፣ ለተወደዱትና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እንቅልፍዎስ? ጎረቤቶችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ፀጉር አስተካካዩ ደህና ነው? ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርዎ፣ በጥላው ያኑርዎ፣ ልብዎን ያጽናልዎ።

ልጅዎ እግሩን ትንሽ አሞት ተኝቷል። ለዚህ ነው መስመር ያልጨመረው።

ምራትዎ


ጥር 3

ለልጄ ባለቤት፣

እንደምን አለሽ?

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሰላምታሽ ከወሬሽ ረዘመ። እንቅልፌን ጠየቅሽኝ፤ ከዚህ በፊት ጠይቀሽኝ አታውቂም። ልብዎን ያጽናልዎ አልሽኝ። ለምን ይጽናልኝ? እግሩን ያመመው ሰው እጁ ምን ሆነ?

ዕድሜዬን ሙሉ ተሳፋሪ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ከኋላዬ የሚያወሩ ሰዎች ድንገት ዝም ካሉ ዞሬ ሳላይ አንድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። አሁን በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት ሲያየኝ መጋረጃ ይስባል። አንድ ቀን ገብቼ ወንበሩ ላይ ብቀመጥ ምላጩ ደንዟል ብሎ መለሰኝ። ያ ምላጭ ጧት ሌላ ሰው ሲላጭበት አይቻለሁ። ደውለሽለታል። እንዲነግረኝ አደራ ሰጥተሽው አቅቶታል። በዚህ አልፈርድበትም፤ በአንቺም አልፈርድም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሽማግሌ ሰብስበሽ ደጄን አታስንኳኪ። እኔ የሰው አፍ አልሰማም፤ ጮኸው ሊነግሩኝ ነው፣ መንደሩም ከእኔ እኩል ሊሰማው ነው። ሞቶ ከሆነ ሞቷል ብለሽ ጻፊልኝ። እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ። ንጹሕ ጽሕፈትሽን ለምጄዋለሁና ካንቺ እጅ ይሻለኛል።

የሸንበቆ አባት


ጥር 25

አባቴ፣

ፈጣሪ ያጽናዎት። አሁን ይህን የምለው ምክንያቱን ሳልደብቅ ነው።

ሞቷል። ይህችን ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት አበላሸሁ።

ወደ ቦዩ እንዳይወርድ ያዘዙበት ደብዳቤ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ይታዘዝዎት ነበር ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ግን አነብለት ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ነበር። ጧት ውሃውን አወጡ፤ ካቦው ማንም ቦዩን ሳይመረምር ሥራ አስጀመረ። ድንቡሼ ቧንቧ ሊገጥም ወረደ። ልጅዎ ከላይ ሆኖ በገመድ ያቀብለው ነበር። ማሽኑ አጠገባቸው ቆሞ ሞተሩ ይሠራል፤ መሬቱ ከእግሬ በታች ሲርድ እኔ ራሴ ከሩቅ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ ነገር ተሰማኝ። ትልቅ ድምፅ አይደለም፤ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ እንደሚለው ያለ ነው። ዞር ስል የአፈሩ ቁልል ቦታው ላይ የለም።

ግድግዳው ድንቡሼ ላይ ወርዶ ነበር። ካቦው «ማንም እንዳይወርድ» ብሎ ጮኸ። አባቴ፣ ያን ሰው እጠላዋለሁ፤ ግን በዚያ ሳምንት ሁሉ ከተናገረው ውስጥ ትክክል የነበረው ያ ቃል ብቻ ነው። አንዱ ወገን የወደቀበት ቦይ ሌላውን ወገንም ይጠራል፤ ይህን በኋላ የእሳት አደጋ ሰዎች ነገሩኝ። ልጅዎ ግን አልሰማም። መሰላሉ ከወዲያ ጫፍ ነበር፤ እስኪዞር አልጠበቀም፤ ዘለለ። በእጁ ቆፈረ። አካፋ አምጡ እንኳ አላለም። የድንቡሼን ፊት አወጣለት፤ አፉን በእጅጌው ጠረገለት፤ ድንቡሼ ትንፋሽ ሲያገኝ ሁላችንም ሰማን። ያኔ ሌላው ወገን ልጅዎ ላይ ወረደ።

እስከ ደረቱ ነበር የያዘው። ምልክቴን ጥዬ ሮጥኩ። አፋፉ ላይ እንዳልደርስ በወገቤ ያዙኝ፤ ድምፁን ግን እሰማው ነበር። መኪኖቹ ከኋላዬ ጥሩምባ ይነፋሉ። ያለኝ የመጀመሪያ ቃል «መኪናውን ማን እያቆመ ነው?» የሚል ነው። ሳቅሁ፤ በዚያ ሰዓት ስቄያለሁ። እሱም ሲስቅ ሰማሁት፤ ግን ሳቁ አጭር ነበር፤ ደረቱ አልሰፋለት አለ።

የእሳት አደጋ ሰዎቹ ማሽኑን አስጠፉት። ጣውላ በግራና በቀኝ እያቆሙ፣ በመካከሉ እንጨት እየወጠሩ፣ በትንንሽ ባልዲ አፈሩን አወጡት። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፤ ቶሎ በሉ ብዬ ሰደብኳቸው። መጀመሪያ ድንቡሼን አወጡ፤ ከሰዓት በኋላ ልጅዎን። በሕይወት ነው የወጣው። ውሃ ጠየቀ። አጥንቱ አልተሰበረም። ሆስፒታል ገብቶ ቀለደ፣ ትንሽ በላ፣ ድንቡሼ መውጣቱን ሁለቴ ጠየቀኝ። እኔ ዳነ ብዬ ልብሱን ላጥብ ቤት ሄድኩ።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ሥጋ ለብዙ ሰዓት ከተጨፈለቀ በኋላ ሲለቁት መርዝ ወደ ደም ይለቃል፤ ኩላሊት ያንን አይችልም። በማግስቱ ፊቱ አበጠ። የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ገና ሲናገር ሳለ «ለአባዬ እግሩን አሞታል ብለሽ ጻፊ። ቦይ ተናደበት ካልሽው ስለዚያ አውቶቡስ እንደገና ይነግረኛል» አለኝ። ስለዚህ የጻፍኩልዎ ውሸት የእሱ ነው። የመጨረሻ ቃሉ ስለሆነ ልለውጠው አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አረፈ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።

እዚሁ ቀበርነው። አፈር ሲያለብሱት ግን አልቻልኩም። «ቀስ በሉ» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ ሳይጠይቁኝ ቀስ አሉልኝ።

አሁን ከድርጅቱ አንድ ሰው ይመጣል። የምኖርበት ክፍል የእነሱ ነው። ብረቱ ቆሞ ነበር፣ ባለቤቴ ግን ትዕዛዝ ጥሶ ዘለለ ብዬ ከፈረምኩ ክፍሉም ሥራዬም እንደማይነካ ነገረኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ በትህትና ነው። መርማሪዎቹ ሳይመጡ እንድወስን ይፈልጋል። ምን ላድርግ? አባቱ እርስዎ ነዎት።


የካቲት 20

ለልጄ፣

ሰላምታ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ሰላም የሚለው ቃል አልመጣልኝ አለ። አንቺ ባለሽበት ይኑር።

ደብዳቤሽን ብቻዬን አነበብኩት። ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና «ላጨኝ፤ አውቄያለሁ» አልኩት። ምላጩን አስቀመጠ። እኔ ሳላለቅስ እሱ አለቀሰ፤ የእኔ የመጣው ቤቴ ገብቼ ነው። ሰዉ መጥቶ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ጮኸው ያጽናናሉ፤ አልሰማኋቸውም፤ መምጣታቸውን ግን አየሁ።

ምራቴ አልልሽም ከእንግዲህ። ምራት በልጅ በኩል የሚመጣ ነው፤ ልጁ ሄደ። አንቺ በራስሽ በኩል ልጄ ነሽ።

ስለ ወረቀቱ ጠየቅሽኝ። ትዕዛዝ ጥሷል ካሉ እውነት ነው። እኔ አሳድጌዋለሁ፤ ትዕዛዝ ሰምቶ አያውቅም። ይህን ንገሪያቸው፤ አባቱም ይመሰክራል በያቸው። ብረቱ ቆሞ ነበር ማለት ግን ሌላ ነው። ያ ልጄን እንደገና መቅበር ይሆናል፤ ከእሱ በኋላ የሚወርደውንም ሰው ጨምሮ።

ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ልበል። ብርዱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ ጀግንነት አላዝም። ብትፈርሚ አልቀየምሽም፤ ሌላ ሰውም እንዲቀየምሽ አልፈቅድም።

አሁን የምፈልገው ገንዘብም ጣሪያም አይደለም። ያ ድንቡሼ የምትዪው ሰው እንዴት ሆነ? ይበላል? ይተኛል? እናት አለችው? እኔን ሲያስብ አንገቱን እንዳይደፋ ንገሪው። ልጄ የሄደው እሱን ሊያወጣ ነው፤ ወጥቷል። ቢያንስ ያ ሥራ አልተበላሸም በይው።

አባትሽ


ሚያዝያ 30

አባቴ፣

ጤና ይስጥዎ፤ እኔን ያቆመኝ የእርስዎ ቃል ነውና።

አልፈረምኩም። መርማሪዎቹ ፊት ያየሁትን ተናገርኩ፤ ብረቱ ተጭኖ ሲሄድ ማየቴን፣ ስንጥቁን፣ ካቦው የመለሰልኝን ሁሉ። ልጅዎ መዝለሉንም አልደበቅኩም። በሳምንቱ ከክፍሉ አስወጡኝ። ድንቡሼ ሚስቱን ይዞ መጥቶ ዕቃዬን ተሸከመ፤ አሁን እነሱ ጋ ነኝ። የምሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ሞቃት ነው፤ ማንም ጥሩምባ አይነፋብኝም።

መጨረሻውን ልንገርዎት። ድርጅቱ ለጥቂት ጊዜ ተዘጋ፤ ካቦው ተባረረ፤ ከበላዩ ያሉት ተቀጡ ተባለና እንደገና ተከፈተ። አሁን ብረት ሳያቆሙ ሰው አያወርዱም። ያ መንገድ ተደፍኖ አስፋልት ለብሷል። ሄጄ ቆምኩበት። የት ቦታ እንደሆነ ለማወቅ ብፈልግ እግሬ አጣው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነው፤ መኪናው ይሄዳል።

የእርስዎን ቃል ለድንቡሼ አነበብኩለት። ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። ብርድ ልብስ ደረቱ ላይ ከከበደው ይነቃል። ልጆች ስላሉት ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ወደ ቦዩ ግን አልወርድ ብሎ ከላይ ያቀብላል። ልጅዎ ያን ቀን በቆመበት ቦታ።

ልጠይቅዎ የፈራሁት ነገር አለ። እዚህ ያለኝ መቃብሩ ብቻ ነው። እዚያ ብመጣ ደግሞ ሰው ምን ብሎ ይቀበለኛል? የት አርፋለሁ?


ሰኔ 18

ለልጄ፣

በሄድሽበት መንገዱ ይቅናሽ፤ ወደ እኔ ከሆነ ደግሞ ይጠርልሽ።

የት አርፋለሁ አልሽኝ። የእሱ ክፍል አለ። ዝናብ የሚያፈሰው በእኔ በኩል ነው እንጂ በዚያ በኩል አይደለም። ሰው ምን ይላል ላልሽው፣ እኔ ጆሮ የለኝም፤ ይበል። መቃብሩን ትቼ እንዴት እመጣለሁ ብለሽ እንደሆነ፣ ድንቡሼ አለ፤ አደራዬን አድርሺለት።

እኔ ሥራ ይዣለሁ። አትሳቂ። በሰፈራችን የውሃ መስመር ሊቀብሩ መንገዱን ቆፈሩት። አንድ ጧት ስወጣ ሰዎቹ ወርደዋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የቆመ ጣውላ የለም፤ አፈሩ አፋፉ ላይ ተከምሯል። እግሬ አልሄድ አለኝ። ቤት ተመልሼ በርጩማዬን አመጣሁና ዳር ላይ፣ ራቅ ብዬ፣ ተቀመጥኩ። ውጡ አልኳቸው። አለቃቸው መጥቶ አፉን ከፍቶ ተናገረኝ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። እኔ ግን ልጄ እንዴት እንደሞተ ነገርኩት፤ የጻፍሽልኝን አንድም ሳላስቀር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ ታች ያሉትም ይሰሙ ነበር። ስጨርስ አንዱ አካፋውን ወርውሮ ወጣ። ሌላው ተከተለው። አለቃው ብቻውን ቀረ።

በማግስቱ ጣውላ መጣ። ጥሩ ጣውላ አይደለም፤ ግን ቆሟል። አፈሩንም ገፋ አድርገውታል። አሁን በየጧቱ እሄዳለሁ። ሰዎቹ ከመውረዳቸው በፊት ያዩኛል፤ እኔ ድጋፉን አያለሁ፤ ከዚያ ይወርዳሉ። ማታ የመጨረሻው ሰው ሳይወጣ ወደ ቤቴ አልገባም። ፀጉር አስተካካዩ ሰው አብዷል ይልሃል ይለኛል። ይበል።

ስለዚህ ስትመጪ በሩ ተቆልፎ ብታገኚ አትደንግጪ። ቁልፉ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። ዕቃሽን አስገቢና ቦዩ ዳር ነይ፤ በርጩማ እጨምራለሁ።

አባትሽ